ጡሩምባው ለሰፈር ሲነፋ

ስሙኝማ፣ የአራዳ ሰዎች! የፒያሳውን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የምታውቁ አስታውሱኝ፤ የማታውቁ ጠጋ በሉ።

በ2016 ዓ.ም. ዶዘር ፒያሳ ሲገባ ልኳንዳ ቤቱም፣ የጭቃ ቤቱም፣ ልጅ ሁሉ የቦረቀበት ግቢም ከአፈር ተደባለቀ። ሰዉ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ተበተነ፤ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ጀሞ። የእድሩ ዳኛ «ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ሸጠን ገንዘቡን እንካፈል» አሉ። ብዙው ሰው ተስማማ። ጡሩምባ ነፊው አባባ ግን ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ተነፋ። አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ የተኛው ሰማ። ጀሞ ታክሲ የተሰለፈው ሰማ። ዋሽንግተን የሌሊት ፈረቃ የገባችው ልጅ ሳትቀር ሰማች። «ማን ሞተ?» አሉ ሁሉም።

«የሞተው ሰፈራችን ነው! እድርተኛ ሁሉ ውጣ!» አሉ ጡሩምባ ነፊው።

እድርተኛ ቅጣት ይፈራል፤ ይሉኝታው ደግሞ ከቅጣቱ ይብሳል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ከያለበት መጣ። ፀሐፊው ፍርስራሹ ላይ ቆመው መዝገቡን ገለጡ። ውዝፍ ያለበት ስም በቀይ እስክሪፕቶ ተሰምሮበታል፤ ከሟች ስም ጎን መስቀል አለ። ሲጠሩ ሲጠሩ ሳያስቡት መስቀል ያለበትን ስም ጠሩ።

«አቤት!» አለ ድምፅ ከአፈሩ ሥር።

ሰዉ ክው አለ። ሟቾቹ ተራ በተራ አቤት እያሉ አወጉ። እንጀራ ጋጋሪዋ የማንን ልጆች ከራሷ ሞሰብ እንዳበላች ተናገረች። ልብስ ሰፊው በቀይ ሽብር ጊዜ የጎረቤቱን ልጅ ከጨርቅ ክምር ሥር እንዴት እንደደበቀ ተረከ። ያ ልጅ ዛሬ ሽበት ወሮት እዚያው ቆሞ ነበር፤ አለቀሰ። እነሱ ሲያወጉ የጭቃው ግድግዳ ከመሬት ቀና አለ፣ ወጋቸው ሲቆም ተመልሶ ተኛ።

ዳኛው ይህን አይተው «ድንኳኑ አይሸጥም!» አሉ። ማንም አልተቃወመም።

ወገኖቼ፣ ዶዘር ቤት ያፈርሳል፤ ስም ግን የሚፈርሰው ጠሪ ሲያጣ ነው። ርቀት ቢለያያችሁም እድራችሁን አትበትኑ። የሟቾቻችሁን ስም ከነሥራቸው ጻፉ፤ በየወሩ ስትሰበሰቡ ልጆቻችሁ ፊት አንብቡት። የቀረ ሰው ካለም ቅጣት ከመጻፋችሁ በፊት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት።