የነህር ኤል ከልብ ወንዝና የተጻፉት ስሞች

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ስለ አንድ ወንዝ እንድነግራችሁ ተራው ደርሶኝ ነበር። በዕለቱ ፈቃድ ያላገኛችሁም እንድታነቡት አሁን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም። ያየሁትን፣ የተነገረኝንና በቦታው ካሉት ሰሌዳዎች ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ወንዙ ነህር ኤል ከልብ ይባላል፤ የውሻ ወንዝ ማለት ነው። ከቤይሩት ወደ ሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዳውራ ወደ ጁኒዬ በሚሄደው ቫን ብትሳፈሩ፣ ድባዬን አልፋችሁ ከዋሻው እንደወጣችሁ ታገኙታላችሁ። ብዙዎቻችን በመኪና ስናልፍ ገደሉን እንኳ ቀና ብለን አናይም።

እኔ ቦታውን ያወቅኩት በሁለተኛው ኮንትራቴ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ አዛውንት እጠብቅ ነበር። ቤቱ ሁሉ «ጂዶ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ሐኪም በእግር ይራመዱ ስላላቸው ልጃቸው እሑድ እሑድ በመኪና እዚያ ታደርሰን ነበር። እኔ ክንዳቸውን እደግፋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ታሪኩን ይነግሩኛል።

መጀመሪያ የቦታውን ነገር ልንገራችሁ። እዚያ ጋ ተራራው እስከ ባሕሩ ድረስ ይገባል። በጥንት ጊዜ በባሕሩ ዳር የሚጓዝ ጦር ሁሉ ከገደሉና ከባሕሩ መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ማለፍ ነበረበት፤ ከዚያ ደግሞ ወንዙን መሻገር አለ። ጥቂት ሰዎች ብዙ ጦር ሊያግዱበት የሚችሉበት በር ነው። ስለዚህ በደህና ያለፈ ንጉሥ ሁሉ «እኔ እዚህ ነበርኩ» ብሎ ስሙን በገደሉ ላይ አስቀረጸ። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ዛሬ 20 ያህል አሉ። በ2005 ዩኔስኮ በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

ከሁሉ የቆየው የግብፁ ፈርዖን የራምሴስ 2ኛ ነው። ከ3,200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ድንጋዩ በዝናብና በነፋስ ተበልቷል። አጠገቡ የአሦር ንጉሥ አስራዶን ቆሞ ይታያል። አስራዶንን ከመጽሐፈ ነገሥት ታውቁታላችሁ፤ የሰናክሬም ልጅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ671 ግብፅን ወግቶ ድል አደረገ። ያሸነፈው ንጉሥ ማን መሰላችሁ? መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው ቲርሐቅ ነው። አገሩ ኩሽ ዛሬ ሱዳን በምንለው ምድር ነበረ፤ ግብፅንም ይገዛ ነበር። አስራዶን ሆን ብሎ የራሱን ሐውልት ከግብፁ ፈርዖን ጎን አስቀረጸ።

ከዚያ ሮማውያን መጡ። ከ211 እስከ 217 የነገሠው ካራካላ በወንዙ ላይ ያንዣበበውን ተራራ ቆርጦ መንገዱን እንዳሰፋ ተጽፏል። የቆረጠው ግን እሱ አይደለም፤ 3ኛው ጋሊካ የሚባለው ክፍለ ጦር ነው። ጽሑፉም ይህን አልደበቀም፤ ከረጅሙ የንጉሠ ነገሥት ማዕረግ በኋላ የጦሩን ስም ያነሳል። መዶሻ ከያዙት ወታደሮች ግን አንድም በስሙ አልተጠራም። ጂዶ ይህን ሲያነቡልኝ እጄን አየሁ። ለስንት ሰው ስንት ደረጃ አጥቤአለሁ!

በኋላም የመምሉኩ ሱልጣን በርቁቅ ስለ ድልድይ በአረብኛ አስጻፈ። ፈረንሳዮችና እንግሊዞችም ጻፉ። ሊባኖስ ደግሞ የውጭ ጦር በ1946 ከአገሯ ሲወጣ ያንን ቀረጸች።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በሊባኖስ ማሮናይቶችና ድሩዞች ከተዋጉ በኋላ፣ በ1860 የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ ጦር ላከ። የዚያ ጦር ጽሑፍ እንደ ሌሎቹ ተሸርሽሮ አይደለም፤ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ጂዶን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ሥሩ የራምሴስ ነበር፣ ልጄ። እሱን ፍቀው የራሳቸውን ጻፉበት» አሉኝ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጂዶ የደከመኝ መስሏቸው ውኃ ሰጡኝ።

የደከመኝ አልነበረም። በመጀመሪያው ቤቴ ስሜ ወርቅነሽ መሆኑን ስናገር መዳም «ይሄማ ይከብዳል» አለች። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሊንዳ ትባል ነበርና «አንቺም ሊንዳ ነሽ» አለችኝ። በኋላ መሳቢያ ሳጸዳ የዚያችን ልጅ ወረቀት አገኘሁ፤ ስሟ አስካለ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሊንዳ ሆንኩ። ስልክም አልነበረኝም። እናቴ ጨንቋት፣ ከጂዳ የተመለሰች ጎረቤታችን በአረብኛ እንድትጠይቅላት ወደ ቤቱ ስልክ አስደወለች። ስልኩን ያነሳው ልጅ «ወርቅነሽ የምትባል የለችም» ብሎ ዘጋው። ልጁ አልዋሸም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። እናቴ ግን ሌላ ልጅ ደብዳቤ እስክታደርስልኝ ድረስ ሦስት ወር ሙሉ ሞታለች ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ገደል ማዶ፣ በወንዙ ሰሜን ዳር፣ የባቢሎኑ የናቡከደነፆር ጽሑፍ አለ። እሱንም እናውቀዋለን። ከኢየሩሳሌም ተማርከው በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ የነበሩትን ልጆች አስቡ። የጃንደረቦቹ አለቃ ዳንኤልን ብልጣሶር፣ አናንያን ሲድራቅ፣ ሚሳኤልን ሚሳቅ፣ አዛርያን አብደናጎ አላቸው። ይህ ነገር እንግዲህ በእኛ የተጀመረ አይደለም። ሆኖም በትንቢተ ዳንኤል ላይ ልጁ ራሱ ሲናገር «እኔ ዳንኤል» ይላል እንጂ «እኔ ብልጣሶር» አይልም።

ከጽሑፎቹ አልፋችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ላይ ብትሄዱ መንገዱ ጸጥ ይላል። የመኪናው ጩኸት ይቀርና የውኃው ድምፅ ይሰማል። አሮጌው ቅስት ድልድይ አለ፤ ሸምበቆና የዱር በለስ አለ። በጸደይ በረዶ ሲቀልጥ ውኃው ይሞላል፤ በበጋ መጨረሻ ድንጋዩ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጓዛችሁ የጄይታ ዋሻ ትደርሳላችሁ። በ1836 ቶምሰን የሚባል አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ወደ ዋሻው ገብቶ ጠመንጃ ተኮሰና በማስተጋባቱ ውስጡ ሰፊ መሆኑን አወቀ። ከዋሻው የሚወጣው ውኃ ነው ለቤይሩት የሚሄደው። በ1870ዎቹ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ከዚህ ወንዝ ውኃ ስቦ ለከተማው አደረሰ፤ ዛሬም ቤይሩት ከምትጠጣው ብዙው ከጄይታ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ወንዙን ባታዩትም ታውቁታላችሁ። በረንዳ ያጠባችሁበት፣ ሩዝ ያጠባችሁበት ውኃ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ። መታወቂያችሁን ወይም የኢቃማችሁን ኮፒ ያዙ፤ የማይንሸራተት ጫማ አድርጉ፤ ሳይመሽ ተመለሱ። ከገደሉ ላይ ድንጋይ አትሰብሩ፣ ስማችሁንም አትጫሩበት። እዚያ የሚጻፍ በቂ ተጽፏል።

ስማችንን የምንጽፍበት ሌላ ቦታ አለን። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ በር አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጣል። እናታችሁ የምትጠራችሁን ስም፣ የአባታችሁን ስም፣ በፓስፖርቱ ላይ ያለው የተለየ ከሆነ እሱንም፣ የምትሠሩበትን ሰፈርና የቤተሰባችሁን ስልክ ጻፉ። መጻፍ የማትችል እኔ እጽፍላታለሁ። ደብተሩን የሚይዙት ሁለት እህቶች ብቻ ናቸው። መውጣት የማትችል ልጅ ከጎረቤት ካለች፣ በበረንዳም ቢሆን ጠይቃችሁ የእሷን አምጡ። ከአገር ቤት «ልጄ አለች ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «አለች» የሚል ሰው እንዲኖር ነው።

አስካለ የምትባል፣ ቤይሩት ሊንዳ ተብላ የሠራች የምታውቁ ካላችሁም ንገሩኝ። ወረቀቷን አሁንም አስቀምጬላታለሁ።

ሰላም ሁኑ።