ከንፈር የአንዱ፣ ድምፅ የሌላው
የሙዚቃ ፊልም ፍቅር በጎንደር አራዳ

ጎንደር አራዳ ላይ፣ ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ጣሊያን የሠራው ሲኒማ ቤት ቆሟል። አገር ጎብኚው ዓይኑን ወደ ግንቡ እንደተከለ ያልፈዋል። በዕድሜ ጠና ላሉ የከተማዋ ልጆች ግን ይህ ቤት የባሕር ማዶ ዘፈን በመጀመሪያ የተሰማበት ነው።

ጣሊያን ጎንደርን የያዘው በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ወር ነበር። የአማራ ግዛት ብሎ ለከለለው አካባቢ መቀመጫ አደረጋትና የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ የከተማዋን ፕላን ነደፈ። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር ከነፖስታ ቤቱና ከነሲኒማው የተሠራው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ነው። ሲኒማው የታሰበው ለአገሬው ሰው አልነበረም፤ የፋሽስት የዘር ሕግ ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን ተቀምጦ እንዲዝናና አይፈቅድም ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነፃ ስትወጣ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ ወደቀ። ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ወንበሩ ቀረ፣ የአራዳ ልጅም ተቀመጠበት።

የዚያን ጊዜ ተመልካች ምን ይመስል እንደነበር ከሁሉ በላይ የነገሩን ፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ የ“ጎንደሬ በጋሻው” ደራሲና የቴአትር ሰው ነበሩ። ልጁ ኃይሌና ጓደኞቹ የካውቦይና የታርዛን ፊልም አይተው ሲወጡ በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ያዩትን ይጫወቱት ነበር። ታርዛንን ከኋላው ሊይዙት የሚያደቡ አፍሪካውያን በመጋረጃው ላይ ብቅ ሲሉ፣ እነዚያ ሐበሻ ልጆች ታርዛን እንዲጠነቀቅ በጩኸት አዳራሹን ያናጉት እንደነበር ፕሮፌሰሩ ካደጉ በኋላ በቁጭት ተናግረዋል። ለማን እንደጮኹ የገባቸው ከዓመታት በኋላ ነው።

የሙዚቃ ፊልም ግን እንዲህ ያለ ቁጭት አልተወም። የካውቦይ ፊልም ተመልካቹን ያስጮኸዋል፤ ዘፈን ያለበት ፊልም እያዜመ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

ድምፅ ከፊልም ጋር እንደተጋባ ዘፈን ተከትሎ ገባ። አሜሪካኖቹ “ዘ ጃዝ ሲንገር”ን እ.ኤ.አ. በ1927 አወጡ። ሕንዶቹ አራት ዓመት ቆይተው የመጀመሪያውን ድምፅ ያለው ፊልማቸውን “አላም አራ”ን ሲያሳዩ ሰባት ዘፈን ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አገሮች በየፊናቸው የዘፈንና የጭፈራ ፊልም አመረቱ። በኢትዮጵያ ከተሞች ሥር የሰደደው ግን የሕንዱ ነው። የሕንድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን፣ የሕንድ ፊልም ለሐበሻ ተማሪ ባዕድ አልነበረም። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ የእናት ልቅሶ፣ የድሃ ልጅ ፍቅርና የወንድማማች መለያየት ግን አስተርጓሚ አይሻም። “አክተሩ” እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ግን ይሰጋል።

ራጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራው “አዋራ” ከሞስኮ እስከ ቤጂንግ ተወዷል። ስሙ በእኛ አፍ አቧራ ማለት ነው፤ በሕንዶቹ ቋንቋ መድረሻ የሌለው ተንከራታች ነው። ብዙም አይራራቁም። በፊልሙ ውስጥ ራጅ ካፑር ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው የዘፋኙ የሙኬሽ ድምፅ ነው። ተዋናይቷ ናርጊስ ስትዘፍን የምትሰማው ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር ናት። ፊቱ የአንዱ፣ ጉሮሮው የሌላው።

ሆሊውድ ይህንኑ ምስጢር ታሪክ አድርጎ ሠርቶበታል። “ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን” እ.ኤ.አ. በ1952 ሲወጣ ጂን ኬሊ በዝናብ ውስጥ ጃንጥላውን ዘግቶ የጨፈረበት ትዕይንት ስሙን ከፍ አደረገው፤ ያን ሲቀርጹት ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ደርሶ ነበር ይባላል። ለዚህ ጸሐፊ ግን የፊልሙ ልብ መጨረሻው ላይ ነው። ድምፀ መጥፎዋ ኮከብ መድረክ ላይ አፏን ትከፍታለች፣ ወጣቷ ዘፋኝ ከመጋረጃው ጀርባ ታዜምላታለች። በድንገት መጋረጃው ሲሳብ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ድምፅ ፊትና ኋላ ቆመው ይታያሉ። ሕዝቡ ይስቃል፣ ልጅቷ አፍራ ትሮጣለች። የሚገርመው፣ የእውነተኛው ድምፅ ባለቤት ሆና የተጫወተችውን ዴቢ ሬይኖልድስን ራሷን በአንዳንዱ ዘፈን ላይ ቤቲ ኖይስ የምትባል ዘፋኝ ተክታታለች። ለዚያች ግን መጋረጃውን የሳበላት አልነበረም።

ጎንደሬ ይህን አሠራር ከሲኒማ አልተማረውም። ከከተማዋ አቅራቢያ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪ መንደር ናት። ጠጅ ቤት የገባ እንግዳ ብርሌውን ጨብጦ “ተቀበል!” ይላል፤ አዝማሪው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራችውን የማሲንቆ ክር እየገዘገዘ የሰውየውን ግጥም በራሱ ጉሮሮ ያወጣዋል። ቃሉ የእንግዳው፣ ዜማው የአዝማሪው ነው። ናርጊስና ላታ የተጋሩት ይህንኑ ነው። እዚህ ግን አዝማሪው ከመጋረጃ ጀርባ አይደለም፣ መሐል ቆሟል፤ ሽልማቱም በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። በዚህ ረገድ የጎንደር ጠጅ ቤት ከሆሊውድ ይልቅ ፍትሐዊ ነበር።

ድምፅና የሰውነት እንቅስቃሴ ተጣምረው ትርጉም እንደሚሰጡም ከተማዋ ከጥንት ታውቃለች። በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ ናት፤ ሊቃውንቱ ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ከዜማው ጋር ማስማማትን ዓመታት ፈጅተው ይማሩታል። ቅዱሱን ከሲኒማ ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ጆሮ እንዴት እንደሚሠለጥን ለማየት ግን ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሕዝብ የሕንድ ዘፈን ሲመጣ “ታሪኩን ለምን አቋረጡት?” ብሎ አይጠይቅም። ታሪኩ በዘፈኑ ውስጥ እንደሚሄድ ያውቃል።

የታርዛን ፊልም ሲያይ ይጮህ የነበረው ልጅ፣ ኃይሌ ገሪማ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ የራሱን ፊልም መሥራት ጀመረ። “ጤዛ” የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞቹን ልዩ ሽልማት አገኘ። ሙዚቃውን የሠሩት ኢትዮጵያዊው ሳክስፎን ተጫዋች ጆርጋ መስፍንና ከሕንዳውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደው ፒያኒስት ቪጃይ አየር ናቸው። ሕንድና ጎንደር በአንድ ፊልም ዜማ ዳግም ተገናኙ።

የጎንደር ዘፈን ግን በመድረክ፣ በሬዲዮና በካሴት ከአገር አገር ሲዞር፣ የአዝማሪውን ሕይወት ከነማሲንቆው ከዳር እስከ ዳር በዘፈን የሚተርክ፣ እንደ “አዋራ” ትውልድ የሚቀባበለው ፊልም ገና አልወጣለትም። ይህ በከተማዋ የፊልም ሠሪዎች ላይ ያለ ዕዳ ነው።

ለአንባቢ አንድ ልመና አለን። በአራዳው ሲኒማ ቤት የሕንድም ሆነ የአሜሪካ የሙዚቃ ፊልም ያያችሁ፣ ያረጀ ትኬት ወይም በበሩ ላይ የተነሣችሁት ፎቶ በሣጥን ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ አውጡትና ለልጆቻችሁ አሳዩ። ከፎቶው ጀርባ የፊልሙን ስም፣ ዓመቱን፣ አብሯችሁ የገባውንም ሰው ጻፉበት። ዜማው ትዝ ካላችሁ ደግሞ በስልካቸው ይቅዱላችሁ፤ ቃሉ ባይገባም ግድ የለም።