ያልተጠየቁት መንገደኞች፦ ከጅማ ምድር የወጡ ሕፃናት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና ምእመናን፤ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በጽጌ ጾም የእመቤታችንንና የልጇን ስደት እናስባለን። የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። መልአኩ ዮሴፍን ሲያዝዘው አስቀድሞ የጠራው ሕፃኑን ነው፤ እናቱን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሄሮድስ ሞቶ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ በተነገራቸውም ጊዜ ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም። ዮሴፍ አርኬላዎስ በይሁዳ መንገሡን ሲሰማ ወደ ገሊላ ሄዶ በናዝሬት ተቀመጠ። የመውጫው ምክንያትም የመመለሻው ስፍራም የተወሰነው ለሕፃኑ ደኅንነት ሲባል ነው። «ሕፃኑ ጌታ ስለ ሆነ ነው» ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያንን ቤተሰብ ለቤታችን አርአያ ካደረግን፣ ጓዛችንን ስንሸክፍ ልጁን በስንተኛ ደረጃ እንዳሰብነው ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

ዛሬ ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ልጆቹን ይዞ ወይም ልጆቹን ለዘመድ ትቶ ወደ ባዕድ አገር የሚሄደው ብዙ ነው። ልጆች ከዚህ ምድር መውጣታቸው ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ የጥንቱም ታሪክ የሚያኮራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ባስተዳደሩት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች የሚገኘው የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴዎችን ይስብ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ስለ ቡናችን ስንኮራ ይህንን መዝለል አይገባንም፤ «የሌላው ወገን ኃጢአት ነው» ማለትም አንችልም፤ ከሻጮቹም ከገዢዎቹም መካከል ክርስቲያኖች ነበሩና። ከግቤ አገሮች የተነጠቁ ሕፃናት በሲራራ ነጋዴዎች እየተነዱ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ፣ በጎጃም ወይም በሸዋ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይወርዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ይዛ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ነጻ አወጣች፤ የሚበዙት ከኦሮሞ ምድር የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱም የተወሰኑትን በዓደን አቅራቢያ በሸህ ዑስማን የነበረ የስኮትላንድ ሚሲዮን ተቀበላቸው። በዚያ ስፍራ በሽታ ስለ በዛና ከልጆቹ የሚሞቱ ስለ ነበሩ፣ አሳዳጊዎቹ 64ቱን በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት አሻገሯቸው። የእያንዳንዱም ልጅ ታሪክ ተጠይቆ ተጻፈ፤ ስሙ፣ የወላጆቹ ስም፣ የተወሰደበት አገር፣ ማን እንደ ሸጠው። ልጆቹ ይህን ሁሉ ያስታውሱ ነበር።

የአሳዳጊዎቹን በጎነት መካድ አይቻልም፤ ከባርነት አውጥተዋቸዋል፣ ፊደል አስተምረዋቸዋል። ይሁን እንጂ የት እንደሚኖሩ፣ በምን ቋንቋ እንደሚማሩ፣ በምን ሥርዓት እንደሚጸልዩ የወሰኑት ሌሎች ናቸው። በርካቶቹ በላቭዴል ገና በወጣትነታቸው አረፉ። ወደ አገራቸው የተመለሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ አሥራ ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ልጅነታቸው አልፎ ነበር።

ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። በላቭዴል ለመምህርነት ሠልጥና በክራዶክ ከተማ አስተማረች፣ አግብታም ወለደች። በስተርጅናዋ ቤተሰቡ በማያውቀው ቋንቋ ለብቻዋ ትናገር እንደ ነበር ይተረካል፤ የልጅነቷ ኦሮምኛ ነበር። በቤቱ የሚመልስላት አንድም ሰው አልነበረም። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር የአፓርታይድን ሥርዓት በመቃወሙ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ እስከ ዕረፍቱ ድረስ የደከመው ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ነበር። ይህ ከአያቱ ዝምታ የመጣ ነው ብዬ ለማለት አልደፍርም፤ ሁለቱን ታሪኮች ለያይቶ ማሰብ ግን ይከብደኛል።

ዛሬ ከአባትና ከእናቱ ጋር በአውሮፕላን የሚሄደው ልጅ እንደ ባሪያ በጀልባ አይጫንም፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሳይጠየቅ የሚሄድበት ጊዜ ግን ዛሬም አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጥ፣ እንደ ዕድሜውም እንዲደመጥ ያዝዛል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲህ አንዱ ወላጅ ከሌላው ተደብቆ ልጅ ይዞ ቢሄድ፣ «ለዕድሉ ብዬ ነው» ማለቱ በቂ መልስ አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው በየቡና ከተሞቻችን የምናየው የዕድሜ ጭማሪ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ ሃያ ዓመት ሞልቷታል ብሎ ማስመዝገብ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት መላክ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለን ሰው ለሥራ መላክን ከልክሏል። በወረቀቱ ላይ የሐሰት ዕድሜ የሚያጽፈው ደላላው ብቻ አይደለም፤ አባት ይስማማል፣ ጎረቤትም ይመሰክራል። የክርስትና አባትና እናት የሆናችሁ ሆይ፤ የልጅቷን የጥምቀት ቀን ታውቃላችሁና ምስክር ሁኑ ብትባሉ እውነተኛውን ዓመት ተናገሩ።

ቤተሰባችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ሳይሆን ሳይወሰን በፊት። ቢያለቅስ አትቆጡት፤ የሚተወው አያቱን፣ ጓደኞቹንና የሚዘምርበትን ቤተ ክርስቲያን ነው። አያቱን ይሰናበት፤ ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተገናኝቶ ይባረክ። የልደትና የጥምቀት የምስክር ወረቀቱን፣ የክትባት ካርዱንና የትምህርት ማስረጃውን ያዙለት። በሄዳችሁበትም አገር በቤት ውስጥ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ፣ አያቱ በስልክ ስታናግረው በሚመልስላት ቋንቋ አነጋግሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።