ከጭቃ የተነሣ ጭፈራ

እህቶቼ፣ ሊባኖስ ሲባል ሁላችንም የምናወራው ስለ ቤይሩት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የጨረስኩት በቃዕ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባዕልበክ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ባሕር የለም፣ ያገር ልጅ የለም። ያለው የድንች ማሳ፣ የወይን ተክል፣ በብርድ ወራት ደግሞ አጥንት የሚሰብር ውርጭ ነው። ዛሬ ስለ ጭፈራ ታሪክ ልጽፍ የተነሣሁት እዚያ ባየሁት ነገር ምክንያት ነው።

በመጣሁ በመጀመሪያው በጋ ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ ከመንደሩ ማዶ ድም ድም የሚል ነገር ሰማሁ። ከበሮ መስሎኝ ነበር። ለካ ብዙ እግር ባንድ ጊዜ መሬት ሲመታ ነው። ሠርግ ነበር። ወንዱም ሴቱም እጅ ለእጅ ተያይዞ ተደርድሯል፣ ከፊት ያለው መሐረብ ያውለበልባል፣ ሰልፉ ወደ ቀኝ እየዞረ ይሄዳል። የማዳም እናት ከኋላዬ መጥተው ቆመው ኖሮ «ዳብኬ» አሉኝ። እኛ ቤት «ተይታ» ነበር የምንላቸው፣ አያት እንደማለት ነው። ከዚያ የቆምንበትን ሰገነት በጣታቸው እያሳዩ ብዙ አወሩ። ዐረብኛዬ ጥሬ ስለነበር የገባኝ «ጭቃ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ጭቃና ሠርግ ምን አገናኘው ብዬ ልብሴን ማስጣት ቀጠልኩ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመት በኋላ ነው። ድሮ የዚያ አገር የገጠር ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር። ግድግዳው ላይ ግንድ ይጋደማል፣ በላዩ ቅርንጫፍና ሸምበቆ ይረበረባል፣ ከሁሉ በላይ ጭድ የገባበት ጭቃ ይደለደላል። ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይገባ ባለቤቱ ጎረቤቱን ይጠራል። የመጣው ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ተያይዞ፣ ባንድ ምት ጭቃውን እየረገጠ ይጠቀጥቀዋል። ይህን መረዳዳት «ዐውነ» ይሉታል። «ዳላዑና» የሚባለው የዳብኬ ዘፈን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ከእግር ሌላ ደግሞ ከድንጋይ የተጠረበ ድቡልቡል መዳመጫ ነበራቸው፣ በየዝናቡ ማግስት ጣሪያው ላይ የሚያንከባልሉት። ተይታ ግቢ ውስጥ አንዱ ነበር፤ ድመቷ ትተኛበታለች።

ዳብኬ የተወለደው ከዚህ ሥራ ነው ይላሉ። ይህን የሚሉት ሊባኖሶች ብቻ አይደሉም፤ በሶርያ፣ በፍልስጤምና በዮርዳኖስ ገጠርም ያው ወሬ አለ። የጭፈራ ልደት እንደ ልጅ ልደት በመዝገብ አይጻፍምና እኔም ወሬውን እንደ ወሬ ነው የማወራችሁ። ግን ስሰማው ፊቴ ላይ የመጣው የእናቴ ቤት ነው። ጭቃ ቤት ያደገች ታውቀዋለች። አፈሩ ተቆፍሮ ይከመራል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ከዚያ ሱሪ ተሰብስቦ መርገጥ ነው። እስኪቦካ ቀናት ይፈጃል። ለዚህም ደቦ ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ የሚያቀነቅን ሰው አይጠፋም። ለተይታ «ዐውነ እኛም አገር አለ፣ ደቦ ይባላል» ስላቸው ቃሉን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። በዚያው ቀን ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ዳብኬ ማስተማር ጀመሩኝ፦ ግራ እግር በቀኝ ላይ አሻግረሽ፣ ቀኙን ወደ ጎን፣ እንደገና አሻግረሽ፣ ወደ ጎን፣ ከዚያ ግራውን ወደ ፊት ወርውረሽ ርገጪ። ስድስት ቁጥር ነው። ጭቃ ረግጣ ላደገች አይከብድም፤ የከበደኝ ትከሻዬን ዝም ማሰኘት ነው።

ይህ ጭፈራ መድረክ ላይ እንዴት እንደወጣ ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። በ1956 (የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የባዕልበክ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል በሮማውያን ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ውስጥ ተጀመረ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1957፣ «የሊባኖስ ሌሊቶች» የሚባል ዝግጅት ተጨመረበት፤ ፌይሩዝ የዘፈነችበት፣ የራሕባኒ ወንድማማቾች ሙዚቃውን የሠሩለት። ዳብኬውን ያዘጋጁት ማርዋንና ወዲዓ ጀራር የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሁለቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው የሕዝብ ጭፈራን ለመድረክ የማሰናዳት ሙያ ተምረዋል። ያኔ የሞስኮው የሞይሴዬቭ ቡድን፣ በ1937 የተቋቋመው፣ ለብዙ አገር አርአያ ነበር፦ የገጠሩን እርምጃ ወስዶ፣ መስመሩን እንደ ወታደር አስተካክሎ፣ ዝላዩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ቆየት ብሎ በ1968 አብደል ሐሊም ካራካላ የራሱን የጭፈራ ቲያትር አቋቋመ።

ሁሉም መልካም ነው፣ እኔም ቪዲዮውን አይቼ ተደስቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዳብኬ ወደ መድረክ ሲወጣ በመንደሩ የጭቃው ጣሪያ በሲሚንቶ እየተተካ ነበር። የሚረገጥ ጣሪያ ሲጠፋ ረገጣው ትርኢት ሆነ። ተይታ በዚያ በ1957 ልጃገረድ ነበሩ። የመንደሩ ጎረምሶች ዝግጅቱን ለማየት በጭነት መኪና ሲሄዱ እርሳቸውን ሴት ልጅ አትሄድም ብለው አስቀሯቸው። ጣሪያ ሲረገጥ ግን ሴት አትረግጥም ያለ ሰው እንዳልነበር ነገሩኝ። በ1975 ጦርነቱ ሲጀመር ፌስቲቫሉ ቆመ፤ እስከ 1997 ድረስ አልተመለሰም። የሠርግ ዳብኬ ግን በነዚያ ሃያ ምናምን ዓመታት አልቆመም፤ ጠሪም ፈቃጅም አያስፈልገውማ።

ኮንትራቴን ጨርሼ ወደ ዛሕሌ ከተማ አካባቢ ስዛወር እሑድ እሑድ መውጣት ቻልኩ። እዚያ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የምንገናኝ ሴቶች ነበርን፤ እኛ ሐበሾቹ፣ ፊሊፒኖች፣ ሁለት የስሪላንካ ልጆች። ከየመንደሩ በቫን ነው የምንመጣው፤ አንዳንዴ አሥራ አንድ እንሆናለን፣ አንዳንዴ ሦስት። መጀመሪያ የምንጨፍረው ለመሞቅ ነበር፣ አዳራሹ ማሞቂያ የለውም። አንድ ቀን አንዷ ፊሊፒናዊት የሁለት መጥረጊያ እንጨት አውልቃ መጣች። «ቲኒክሊንግ» ላሳያችሁ አለች። አገራቸው በቀርከሃ ነው የሚጫወቱት። ሁለት ሰው ተንበርክኮ እንጨቶቹን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ፣ አንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ያጋጫል፤ የምትጨፍረዋ እንጨቱ ሲገጥም እግሯን ማውጣት አለባት። ያላወጣች ቁርጭምጭሚቷን ትጠየቃለች። እኔ ሁለት ሳምንት አንክሻለሁ፤ ማዳም ስትጠይቀኝ ከደረጃ ወደቅሁ አልኩ።

የአገራቸውን ጭፈራ ታሪክ ያወቅሁት ከእሷ ነው። ፍራንሲስካ ሬየስ አኪኖ የምትባል ሴት በ1920ዎቹ ወደ ገጠር ወጥታ፣ ባላገሩን እያስጨፈረች፣ እርምጃውን እየቆጠረች በወረቀት አሰፈረችው። በኋላ በየትምህርት ቤቱ የተማሩት እሷ የጻፈችውን ነው። በ1957 ደግሞ፣ ልክ በባዕልበኩ ዓመት ማለት ነው፣ ማኒላ ውስጥ በአንድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ «ባያኒሃን» የሚባለው የጭፈራ ቡድን ተቋቋመ። ባያኒሃን ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ጎረቤት ተሰብስቦ ቤት መሸከም ነው አለችኝ፤ የቀርከሃውን ቤት እንዳለ በትከሻ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ፣ ያለ ክፍያ፣ ለምግብ ብቻ። ሣቄ መጣ። ደቦ፣ ዐውነ፣ ባያኒሃን! ሦስታችንም አገር ሰው ቤት በነፃ ሲሠራ ጨፍሯል። እዚህ ደግሞ እኛ የሰው ቤት እንሠራለን፣ የሚያቀነቅንልን ግን የለም።

የኛ ተራ ሲደርስ ጠብ ተነሣ። የትኛውን እናሳይ? አንዷ ያለ ጎጃም እስክስታ ኢትዮጵያ የለችም አለች። ወሎዬዋ ተቆጣች። ከኦሮሚያ የመጣችው ልጅ ሁሌ የኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው ብላ ቦርሳዋን አነሣች። እውነቷን ነው፣ ጉዳዩ እዚህ አልተጀመረም። የትግራይዋ እህታችን ብቻ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ ተነሥታ እየዞረች ኩዳ መታች፤ አዳራሹም እሷን ተከትሎ ዞረ። የጉራጌ እግር ደግሞ ለዳብኬ ሁሉ እንደሚበቃ በኋላ አየን። በመጨረሻ ፊሊፒናዊቷ ምን አለች፦ «ለምን አንድ ትመርጣላችሁ? አኪኖ አልመረጠችም፣ ከነመንደሩ ስም ሁሉንም ጻፈች።»

ደብተር ገዛን። የሃምሳ ሉክ የተማሪ ደብተር። በየገጹ የጭፈራው ስም፣ የየት ወረዳ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጨፈር፣ የእግሩና የትከሻው ቁጥር። ማን እንዳስተማረችን አንጽፍም፤ ወረቀት ከእጅ እጅ ይሄዳልና። የተይታንም ዳብኬ፣ «ግራ በቀኝ ላይ» ብዬ፣ እኔው ጻፍኩት።

ደብተሩ ከአዳራሹ ይልቅ የጠቀመው ላልወጡት ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም ብሎ አስቀርቶናል። በ2009 የወጣው ወጥ ኮንትራት በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፣ ግን ፊርማ ሌላ፣ የበር ቁልፍ ሌላ። ከእኛ ቫን መንገድ ላይ ባለ መንደር የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሦስት ዓመት እሑድ አላየችም። ስልክ የምታገኘው ሌሊት ነው። በድምፅ መልእክት ቁጥሩን እያነበብን እንልክላታለን፤ እሷም ወጥ ቤት ውስጥ በካልሲ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ትረግጠዋለች። አንድ ሌሊት እሷ በተራዋ ላከችልን፦ እናቷ አገር በአጨዳ ጊዜ የሚጨፈር። በሹክሹክታ ነው የቆጠረችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቁልቁል፣ አራት፣ ቀና። አሥር ጊዜ ሰምተን ጻፍነው።

በ2024 መጸው ጦርነቱ በቃዕን ሲመታ ሁላችንም ተበተንን። አሠሪዎቻቸው ቤቱን ዘግተው ጥለዋቸው የሄዱ ነበሩ፣ አብረው የተሰደዱም ነበሩ። እኔ ወደ ቤይሩት የወረድኩት በአንድ ቦርሳ ነው፤ ደብተሩ ከፓስፖርቴ ፎቶ ኮፒ ጋር ነበር። ተይታ በዚያው በጋ ቀደም ብለው አርፈው ነበር፣ መንደራቸውን እንዲያ ሳያዩ።

አሁን ቤይሩት ውስጥ እንደገና እየተሰበሰብን ነው። የተጻፈው ሠላሳ አንድ ገጽ ደርሷል። የአጨዳውን ጭፈራ ሞክረነዋል፣ ግን «ቁልቁል» ያለችው ጉልበት ይሁን ወገብ አልተስማማንም፤ ግማሾቻችን በጉልበት፣ ግማሾቻችን በወገብ እንወርዳለን። ልጅቷ ስልኳ ከተዘጋ ቆይቷል። በገጹ ጎን በእርሳስ «ትጠየቅ» ብለን ጽፈን ትተነዋል።