ስሙና ባለመብቱ፦ የመናፈሻዎችና የጥብቅ ስፍራዎች ስያሜና አስተዳደር ከጨርጨር ደጋ እስከ አዋሽ

ከሂርና ተነሥቶ በዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ አንድ ቀን ሳይሞላው ብዙ የአስተዳደር ዘመናትን በስም ብቻ ያነባል። በመጀመሪያ የሚያገኛት ትልቅ ከተማ ለሽማግሌዎች አሰበ ተፈሪ፣ ለተማሪዎች ጭሮ ናት። ከዚያ ከደጋው ቁልቁል ወርዶ ሚኤሶንና አሰቦትን ካለፈ በኋላ አዋሽ ሰባት ይደርሳል፤ ከከተማይቱ ባሻገርም በመንገዱ ግራና ቀኝ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይዘረጋል። ከተማይቱ ሁለት ስም አላት፤ ፓርኩ ግን ከተቋቋመ ጀምሮ በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል። ይሁን እንጂ የከተማይቱ ስም ሲለወጥ ነዋሪው በቤቱ ቆየ፤ የፓርኩ ስም ሳይለወጥ ግን በዚያ መሬት ከብቱን ያሰማራ የነበረው ሕዝብ መብት ከሥሩ ተለወጠ።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ተቃርኖ ነው። ስለ ሕዝብ መናፈሻዎችና ስለ ጥብቅ ስፍራዎች በሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚሰማው የስያሜ ጉዳይ ነው። ስም ቀላል ነገር አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከስሙ በስተጀርባ ስፍራውን ማን እንደሚያስተዳድረውና ማን እንደሚጠቀምበት ካልተመረመረ፣ ታሪኩ በከፊል ብቻ የተነገረ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ለጋራ ጥቅም ተብሎ የሚከበር ስፍራ ለጨርጨር እንግዳ አሳብ አይደለም። የኢቱ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት እየተሰበሰበ ሕግ ይደነግግበት የነበረው ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ነው። ኦዳው ዛፍ ብቻ አልነበረም፤ ጥላው ሸንጎ፣ ዙሪያውም ማንም በግሉ የማይቆርሰው የጋራ ስፍራ ነበር። ዘበኛም አጥርም ሳይኖረው የሚጠበቀው፣ ሕጉን ያወጡትና ሕጉን የሚያከብሩት ሰዎች አንድ በመሆናቸው ነበር። ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን እንከን የሌለው አድርገን ለማሳየት አይደለም። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ የኦዳ ቡልቱም ስምም ዛሬ በወረዳና በጭሮ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ላይ ይነበባል። ስሙ ወደ ጽሕፈት ቤትና ወደ ትምህርት ቤት በር ሲዛወር፣ ስፍራው ይጠበቅበት የነበረው ልማድ ግን አብሮት የተዛወረ አይመስልም።

ምኒልክ በ1887 ሐረርን ከያዙ በኋላ የአካባቢው አስተዳደር በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ገባ። በ1920ዎቹ ጨርጨር ለአዲስ አሠራር አርአያ እንድትሆን ታስባ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተሾሙባት፤ አሰበ ተፈሪም በእርሳቸው ዘመን የግዛቱ መቀመጫ ሆና ተቈረቈረች። ከእርሳቸው በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እዚያው ገዥ ሆነው ሠርተዋል። የከተማይቱ ስም የአልጋ ወራሹን የራስ ተፈሪን ስም የያዘ ነበር። እንግዲህ ከተማ በባለሥልጣን ስም ሲሰየም፣ የባለሥልጣኑ ዘመን ሲያልፍ ስሙም ለክርክር መጋለጡ የሚጠበቅ ነው። ጭሮ የሚለው ስም እየገነነ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

በአዲስ አበባም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተባለ፤ ከ1991 በኋላ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት። በ1984 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ደግሞ በሐረርጌ ምድር በኦጋዴን ጦርነት የወደቁትን የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች በዋና ከተማው እንዲያስታውስ ተደርጎ ተሠራ። በቅርቡ የተከፈቱት አንድነት ፓርክ (2019)፣ ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ (2020) ካላቸው ስም ሁለቱ የመንግሥትን አሳብ፣ ሦስተኛው የተራራውን ስም የያዙ ናቸው። ከሦስቱ የትኛው ስም ዕድሜ እንደሚኖረው አንባቢ ይገምት።

በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የአራዊት ፓርኮች ሳይቀሩ የነገሥታትን ስም ተሸክመው ነበር። የቤልጅግ ኮንጎ በ1925 የከለለችው ፓርክ በንጉሥ አልበርት ስም ተጠራ፤ በ1969 ቪሩንጋ ተባለ። በኡጋንዳም በቅኝ ገዥዎች የተሰየመው የመርቺሰን ፏፏቴ ፓርክ በ1970ዎቹ ለጊዜው ካባሌጋ ተብሎ ነበር። የእኛ ብሔራዊ ፓርኮች ከዚህ ጣጣ ድነዋል ማለት ይቻላል። አዋሽ በወንዙ፣ ሰሜን በአገሩ፣ ባሌ በተራሮቹ፣ ነጭ ሣር በሜዳው ተሰየሙ። ንጉሡ በሥልጣን ላይ እያሉ የተቋቋሙትም እንኳ ስማቸውን የወሰዱት ከመሬቱ ነው። ለዚህም ነው አብዮቱ ሲመጣ የእነዚህን ፓርኮች ሰሌዳ መፋቅ ያላስፈለገው።

ከመሬቱ የተወሰደ ስም ግን ለመሬቱ ሰዎች በራሱ መብት አይሰጥም። የአዋሽ ታሪክ ይህን በጉልህ ያሳያል።

በ1944 የወጣው የአደን አዋጅ ቁጥር 61 በዋናው አደንን የሚመለከት ነበር። መሬትን ለአራዊት የመከለሉ አሳብ የጠነከረው በ1963 ሰር ጁልያን ሃክስሊ የተካተቱበት የዩኔስኮ ቡድን አገሪቱን ጎብኝቶ ምክር ከሰጠ በኋላ ነው። በማግስቱ ዓመት የዱር አራዊት ጥበቃ መምሪያ ተቋቋመ፤ አዋሽ በ1966 ፓርክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ በ1969 ደግሞ በነጋሪት ጋዜጣ በወጣ ትእዛዝ ሕጋዊ አቋም አገኘ። ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በውስጡ ፈንታሌ ተራራ፣ የፍል ውኃው ዘንባባና የአዋሽ ፏፏቴ ይገኛሉ፤ ሳላ በሜዳው ይታያል፤ የስዋይን ቆርኬም በ1974 ከሰንቀሌ ተወስዶ እዚያ እንዲረባ ተሞክሯል። የባቡር ሐዲዱና የመኪናው መንገድ በመካከሉ ስለሚያልፉ፣ የሐረርጌ መንገደኛ ሳይወድ በግድ የፓርኩ ጎብኚ ነው።

ይህ መሬት ባዶ አልነበረም። ከረዩ ኦሮሞ በበጋ ወደ አዋሽ ወንዝ ዳርቻ ወርዶ፣ በክረምት ከወንዙ ርቆ ከብቱን ያሰማራበት ነበር። በሰሜን በኩል አፋሮች፣ ከጨርጨር ቆላ የመጡ ኢቱዎችም ከከረዩ ጋር ተጎራብተው ይጠቀሙበት ነበር። የፓርኩ ወሰን ሲሰመር ሌላም ወሰን በጎን እየተሰመረ ነበር። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቁሞ ሸለቆው ለመስኖ እርሻ ሲታቀድ፣ የወንዙ ዳር ለም መሬት በመተሐራ ለኔዘርላንዱ ኩባንያ ለኤች ቪ ኤ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተሰጠ። በመሆኑም አርብቶ አደሩ የበጋ ግጦሹን በአንድ ወገን በሸንኮራ፣ በሌላው ወገን በፓርክ ምክንያት አጣ። እቅድ አውጪዎች ሁለቱን ሥራዎች በተለያየ መዝገብ ይዘዋቸው ይሆናል፤ ከብቱን ይዞ ለሚሄደው ሰው ግን ሁለቱም አንድ አጥር ነበሩ።

በ1972 የወጣው የዱር አራዊት ጥበቃ ደንብ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መኖርን፣ ማረስንና ከብት ማሰማራትን ከለከለ። ደንቡ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በ1973ና በ1974 ድርቅ መጣ። ሣር ያለው በፓርኩ ውስጥ ብቻ በሆነበት ወቅት ሕግን ማክበር ማለት ከብትን ማጣት ነበር፤ ስለዚህ እረኛውና የፓርኩ ጠባቂ የሚተያዩት በጠመንጃ አፈሙዝ በኩል ሆነ። በዚህ መካከል አንድ ትንሽ ነገር ልብ ይሏል፦ በአዋሽ ገደል አፋፍ ለቱሪስቶች የተሠራው ማረፊያ «ከረዩ ሎጅ» ተብሎ ተሰየመ። የሕዝቡ ስም በእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ተጻፈ፤ ሕዝቡ ራሱ ግን በፓርኩ አስተዳደር ውስጥ ወንበር አልነበረውም።

የአስተዳዳሪው መሥሪያ ቤት ስም ግን በየጊዜው ተለዋውጧል። መምሪያው በ1970 የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ሆነ፤ በ1980 በደንና ዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ባለሥልጣን ሥር ገባ፤ በ2008 ደግሞ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተብሎ እንደ አዲስ ተቋቋመ። ማኅተሙ በተለወጠ ቁጥር ወሰኑ ላይ የቆመው ጠባቂና ወሰኑን የሚሻገረው እረኛ ያው ነበሩ።

አሁን ከአዋሽ ቆላ ወደ ጨርጨር ደጋ እንመለስ። ከአሰበ ተፈሪ ወደ ደቡብ በኩኒ አካባቢ ባሉት ተራሮች የደጋ አጋዘን ይኖራል። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ያሉት የባሌ፣ የአርሲና የጨርጨር ደጋዎች ብቻ ናቸው። የእንግሊዙ ሻለቃ አይቨር በክስተን በ1908 አድኖ የወሰደው ናሙና በ1910 በሪቻርድ ሊደከር ለሳይንስ ተገልጿል፤ የሳይንስ ስሙም የአዳኙን ስም ይዞ ቀርቷል። ለአካባቢው ገበሬ ግን በክስተን ከመምጣቱ በፊትም አጋዘን አጋዘን ነበር። እዚህም ላይ ስም የሚሰጠውና አብሮ የሚኖረው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን እናያለን።

ለዚህ እንስሳ ተብሎ በ1990 ገደማ የኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ተከለለ። ስሙ ከመሬቱ የተወሰደ መልካም ስም ነው። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በየአገሩ የፓርክ ጽሕፈት ቤቶች ተዘረፉ፤ በባሌ ተራሮች ብዙ የደጋ አጋዘን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተገደለ። ኩኒ ሙክታርም ሥር ሳይሰድ ለአደንና ለደን ምንጠራ ተጋለጠ። ይህን ጥፋት በሕግና ሥርዓት መላላት ብቻ ማስረዳት የተለመደ ነው። እኛ ግን የተለየ አስተያየት አለን፦ ሰዎች ያጠቁት የመንግሥት ንብረት ነው ብለው ያመኑበትን ነገር ነበር። ጠባቂው የሌላ፣ ወሰኑ የሌላ፣ ገቢው የሌላ ከሆነ፣ አጋዘኑም በገበሬው ዓይን ያው የሌላ ሰው ከብት ይሆናል። የጨርጨር ገበሬ በቡናና በጫት ማሳው መካከል የቀረውን ተራራ ሲያይ የሚያስበው ስለ ልጆቹ መሬት መሆኑንም መርሳት አይገባም። በሂርና ዙሪያ ያለው የመሬት ጥበት ለማንም መምህር አዲስ ነገር አይደለም።

ከ1991 በኋላ የመንግሥቱ አወቃቀር ሲለወጥ ፓርኮች የማን ናቸው የሚለው ጥያቄ በፌዴራልና በክልል መካከል ተነሣ። በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ከአንድ ክልል በላይ የሚዘረጉ ፓርኮችን በፌዴራል መንግሥት ሥር ስላደረገ፣ በኦሮሚያና በአፋር መካከል ያለው አዋሽ ለማዕከሉ ቀረ። ክርክሩ ግን በአመዛኙ ከላይ ባሉ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች መካከል ነበር። በሰሜን ተራሮች እንደታየው አስቸጋሪው ነገር ያለው ከታች ነው። ያ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፤ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ለዋልያው ግጦሽ ተገኘለት፤ የግጭ ገበሬ ግን በከተማ ዳር ሌላ ኑሮ መማር ነበረበት። ዋጋው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለመመለስ ሁለቱንም ወገን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ዛሬ ድረስ በብዛት የሚቆጠረው ዋልያው ነው።

በአውራጃችን ለሚያስተምሩ መምህራን ይህ ሁሉ ከጂኦግራፊና ከኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የራቀ አይደለም። ተማሪዎችን ስለ አዋሽ ፓርክ ስፋትና ስለ እንስሳቱ ዓይነት ብቻ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህም መልካም ነው። ከዚያ ይልቅ ግን በቀበሌያቸው ያለ አንድ የጋራ ስፍራ፣ ገበያም ይሁን የዛፍ ጥላ፣ ምንጭም ይሁን ኮረብታ፣ እንዲመርጡና ለአያቶቻቸው ሦስት ጥያቄ እንዲያቀርቡ ቢደረግ የበለጠ ያስተምራል፦ ቀድሞ ምን ይባል ነበር፤ ማን ይጠብቀው ነበር፤ ማንስ እንዳይገባበት ተከልክሏል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሽማግሌዎች ወዲያው ይመልሱታል። ሦስተኛው ሲቀርብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል፤ መምህሩ ማስታወሻ መያዝ ያለበት ከዚያ ዝምታ በኋላ የሚነገረውን ነው።