«አባቴ ቀይ ነበር»

አያቴ ያረፈች ቀን ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ የሐዘኑን ፎቶ ማዘጋጀት ነበር። ስልኬ ላይ ካሉት አንዱን መረጥኩና፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ወደ ጥቁርና ነጭ ልለውጠው ተቀመጥኩ። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ቀይ ፊቷ ላይ የመስኮት ብርሃን አርፏል።

ሳሎኗ ውስጥ የአባቷ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ፊታቸው ከሰል የመሰለ፣ ከንፈራቸው ደግሞ ከፊታቸውም የባሰ የጠቆረ ሰው ናቸው። አያቴ ግን «አባቴ ቀይ ነበር፤ እኔ እሱን ነው የመሰልኩት» ትል ነበር። እኛ የልጅ ልጆቿ እንስቃለን። «እምዬ፣ ይኸው ፎቷቸው!» እንላታለን። «ፎቶ ምን ያውቃል?» ትለናለች ተቆጥታ። ሰው ያረጃል፣ ትዝታም ይሳሳታል ብለን እናልፈዋለን።

ታዲያ ያን ቀን ማታ አፑ ውስጥ የየቀለሙን ማስተካከያ አገኘሁ። ቀዩንና ብርቱካናማውን ዝቅ ሳደርገው አያቴ ጠቆረች። ነጠላዋ እንደነጣ ቀረ፤ ፊቷ ከሰለ፤ ከንፈሯ ከፊቷ ባሰ። ከስልኬ ውስጥ የሚያዩኝ አባቷ ነበሩ። ደነገጥኩ።

ለካ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ማለት ቀለሙን ማንሳት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ይብራ፣ ምን ያህል ይጨልም ብሎ መወሰን ነው። ድሮ ይህን የሚወስነው ኬሚስትሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የፎቶ መስታወቶች በዋናነት የሚያዩት ሰማያዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ኸርማን ፎገል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት፣ ማቅለሚያ ሲጨመርበት መስታወቱ ሌሎች ቀለሞችንም ማየት እንደሚችል ደረሰበት። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው፣ ሰማያዊንና አረንጓዴን የሚያየው ፊልም የመጣው ከዚያ ነው። ቀይን ግን አያይም። ሲኒማ ላይ የምታዩት፣ ቀይ መብራት የበራበት የፎቶ ማጠቢያ ክፍል ትዝ ይላችኋል? ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቀይን የማያይ ነገር በቀይ መብራት አይበላሽም። እንዲህ ዓይነት ፊልም ፊት ቀይ ሰው ቢቀመጥ ጠቁሮ ይወጣል። ሁሉንም ቀለም የሚያየው ፓንክሮማቲክ መስታወት እ.ኤ.አ. በ1906 ገበያ ላይ ቢወጣም፣ የድሮው ፊልም ወዲያው አልጠፋም፤ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ሠርተዋል።

ዛሬስ? የካሜራችን ሴንሰር ራሱ ቀለም አያውቅም፤ የሚለካው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው ከላዩ ከተደረደሩት ጥቃቅን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ነው። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት አደራደር ግማሹን ቦታ ለአረንጓዴ ይሰጣል፤ የሰው ዓይን ብሩህነትን ይበልጥ የሚለየው በዚያ በኩል ስለሆነ። ወደ ጥቁርና ነጭ ስንመልሰውም፣ በብዛት የሚሠራበት አንድ ቀመር ከቀይ 30፣ ከአረንጓዴ 59፣ ከሰማያዊ 11 በመቶ ይወስዳል። ቁጥሩ የመጣው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ካጸደቀችው የቀለም ቴሌቪዥን ደረጃ ነው። የቀለሙ ስርጭት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ቤትም በደንብ እንዲታይ ተፈልጎ ነበር። እንግዲህ አንዷን ቁልፍ ነካ ስናደርግ፣ ከ70 ዓመት በፊት መሐንዲሶች የወሰኑትን ውሳኔ ልንደግም እንችላለን።

የቅድመ አያቴ ፎቶ ጀርባ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ዓመቱም፣ ያነሳቸው ሰውም የለም። ፎቶው ብቻውን ግን አያቴን ውሸታም ሊያደርጋት አይችልም። ይህን ለመረዳት እሷ መሞት አልነበረባትም።

በዚያው ሌሊት የአባቷን ፎቶ ቀለም በሚቀባ አፕ ሞከርኩት። ከሰል የመሰለ ሰው ሠራልኝ። ምን ያድርግ? ሁለት የተለያዩ ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ በኋላ መመለሻ የለም፤ አፑ ይገምታል እንጂ አያውቅም። የምታውቀው አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷ ላይ ደግሞ ስቀንባታል።

ጥቁርና ነጭን ጠልቼ አይደለም። ያምራል፣ ዓይንን ፊት ላይ ያሳርፋል። እናንተም ሥሩት። ብቻ ባለቀለሙን አታጥፉት፤ ከጀርባው ደግሞ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ፣ ምን ዓይነት መልክ እንደነበረው ጻፉበት።

ለሐዘኑ የላክሁት ባለቀለሙን ነው። ጠዋት አክስቴ ደወለች። «ምነው ልጄ፣ የሐዘን ፎቶ እንዲህ ይሆናል? ጥቁርና ነጭ አታደርገውም ነበር?» አለችኝ።

«እምዬ ቀይ ነበረች» አልኳት።