የድመት ወጭትና የሸክላ ሠሪዋ ክብር

ለድመት የምግብና የውኃ ዕቃ ስለ መምረጥ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ከቁም ነገር የራቀ ይመስላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩን በወላይታ አገር ስንመለከተው ከዕቃው ጋር የተያያዘ የሰው ታሪክ ስላገኘንበት፥ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ድመት ወደ ሰው ቤት የገባችው እህል የሚፈጀውን አይጥ ተከትላ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። በቆጵሮስ ደሴት ከዛሬ 9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷም የወዳጅነቱን ጥንታዊነት ያስረዳል። በአገራችን ገጠርም ድመት ከምድጃው ዳር ትተኛለች፤ ማዕዷም ብዙ ጊዜ ከተሰበረ ድስት የቀረ ገል ነው።

ገሉን ትቶ ደኅና ዕቃ ሊገዛላት የሚያስብ ሰው፥ ጢሟ ከጠርዙ እንዳይጋጭ አፉ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነውን፥ እንዳይገለበጥም ሥሩ ከበድ ያለውን ይምረጥ። ሸክላ ውኃን ስለሚያቀዘቅዝ ለመጠጥ መልካም ነው፤ ቅባት ግን ስለሚመጥ፥ ለሥጋ በቀላሉ የሚታጠብ የማይዝግ ብረት ይሻላል። ፕላስቲክ ሲጫጫር እድፍ ይይዛል።

ሸክላው የማን የእጅ ሥራ ነው ብለን ብንጠይቅ፥ በወላይታ ጭናሻ ከሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ እንደርሳለን። ሴቶቹ ያለ መንኰራኵር ጭቃውን በእጃቸው ያበጁታል፤ ሲደርቅም በሜዳ በእሳት ይተኩሱታል። ጥበባቸው ለቤቱ ሁሉ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ፥ ገበሬው ከእነርሱ ጋር አይጋባም፥ በአንድ ማዕድም አይቀመጥም ነበር። እንግዲህ ድመቲቱ በቤት ውስጥ በሸክላው ስትበላ፥ ሸክላውን የሠራችው ሴት ከዚያው ቤት ማዕድ ተከልክላ ኖራለች።

በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ጦና ድል ሆነው ወላይታ በምኒልክ መንግሥት ሥር በተጠቃለለ ጊዜ፥ ገዢው ቢለወጥም ይህ ልማድ አልተለወጠም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ራሱ ለማረስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ዳሩ ግን ሕግ ጎረቤትን ለእራት አይጠራም፤ ንቀቱም እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም።

ስለዚህ ከሶዶ ገበያ ወጭት የምንገዛ ሁሉ፥ ለሠሪዋ የድካሟን ዋጋ ሳንሰስት እንክፈል፤ በቤታችንም እንደ ማናቸውም እንግዳ ተቀብለን ከማዕዳችን እናቅርባት። ለድመት ያልነፈግነውን ስፍራ ለሰው መንፈግ ከቶ አይገባንም።